መድኃኒቱን ከልጅ እንጂ ከቤተሰብ አትደብቁ

(በጅማ ከተማ ለክትትል ታካሚዎችና ለቤተሰቦቻቸው የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የቀረበ)

እንደምን ዋላችሁ። አካም ኦልታን። በዚህ ዝናብ ከመንደራም፣ ከጅሬንም፣ ከቦሳም ተነስታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ልጅ አዝላችሁ የመጣችሁም አላችሁ። ልጁ ቢያለቅስ አትሳቀቁ፤ የዛሬው ጉዳይ፣ የሰውነትን መከላከያ የሚቀንሱ መድኃኒቶችን እየወሰዱ ልጅ ማሳደግ፣ የእሱም ጉዳይ ነው።

እኔ ፋርማሲስት ነኝ። ውሎዬ መስኮት ላይ ነው። ማዘዣ ተቀብዬ መድኃኒት እሰጣለሁ፤ አወሳሰዱን አስረዳለሁ። በዚያች መስኮት ብዙ ጥያቄ ይመጣል። ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ግን ሰው ዞር ዞር ብሎ አይቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚጠይቀኝ ነው። «ይሄን መድኃኒት እየወሰድኩ ልጄን ማቀፍ እችላለሁ?»

ትችላላችሁ። እቀፉት። አጥቡት፣ አጉርሱት፣ አዝላችሁ አስተኙት። መድኃኒቱ ከእናንተ ቆዳ ወደ ልጁ አይተላለፍም። ልጁም በሽታ አይደለም። ፈርተው ልጃቸውን ለአያት ሰጥተው ለወራት የራቁ እናቶች አይቻለሁ። እንዲህ ያለ መራራቅ የሚያስፈልገው በጣም ለጥቂት ሰው፣ ለአጭር ጊዜ፣ ያውም ሐኪም ሲያዝ ብቻ ነው። እኔን የሚያስፈራኝ ሌላ ነገር ነው፦ ዝምታው። መድኃኒቱ ፍራሽ ሥር ይደበቃል። ለክትባት ሠራተኛዋ አይነገርም። ለሞግዚቷ አይነገርም። አንዳንዴ ለባልም አይነገርም። አደጋው የሚመጣው በዚህ በኩል ነው።

መጀመሪያ የትኞቹን መድኃኒቶች እንደምል ልናገር። ፕሬድኒሶሎን፣ ሜቶትሬክሴት፣ አዛታዮፕሪን፣ ማይኮፌኖሌት፣ ታክሮሊመስ፣ ሳይክሎስፖሪን፣ ሳይክሎፎስፋማይድ። ሉፐስ የሚባለው፣ መከላከያው የራሱን ሰውነት የሚያጠቃበት ሕመም ያለበት፣ ሩማቶይድ የሚባለው የመገጣጠሚያ ሕመም ያለበት፣ አንጀቱ ወይም ኩላሊቱ በዚህ ዓይነት ሕመም የተጎዳ ሰው ከእነዚህ አንዱን ወይም ሁለቱን ይወስዳል። ኩላሊት የተተከለለት ሰው ደግሞ የተተከለው ኩላሊት እስከሠራ ድረስ አይላቀቃቸውም። አዲስ አበባ ያለው የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የኩላሊት ንቅለ ተከላ ማዕከል በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ንቅለ ተከላው እዚሁ ሀገር ውስጥ የሚሠራለት ሰው አለ። ወደ ቤቱ ሲመለስ ልጆቹ ይጠብቁታል። ስለዚህ ጥያቄው የጥቂት ሰው ጥያቄ አይደለም።

እነዚህ መድኃኒቶች የሚሠሩት እንዲህ ነው። የሰውነታችን መከላከያ የግቢ ዘበኛ ነው እንበል። በእነዚህ ሕመሞች ዘበኛው ሌባውን ትቶ የቤቱን ሰው መደብደብ ይጀምራል። መድኃኒቱ ዘበኛውን ረጋ ያደርገዋል። ድብደባው ይቆማል፤ ሌባ ሲመጣም ግን ዘበኛው እንደ ድሮው ፈጥኖ አይነሳም። ሌባ የምለው ጀርም ነው። ትንንሽ ልጆች ደግሞ ከመዋዕለ ሕፃናትም፣ ከጎረቤትም፣ ከጭቃውም ጀርም ይዘው ይገባሉ። የልጅ ነገር ነው፤ ምንም ማድረግ አይቻልም።

ሁሉም መድኃኒት ግን እኩል አይደለም። ፕሬድኒሶሎንን ብንወስድ መጠኑና የቆይታ ጊዜው ወሳኝ ነው። ብዙውን ጊዜ ባለሙያዎች በጣም የሚጠነቀቁት አንድ አዋቂ በቀን 20 ሚሊ ግራምና ከዚያ በላይ ለ2 ሳምንትና ከዚያ በላይ ሲወስድ ነው። ባለ 5 ሚሊ ግራሙ ከሆነ በቀን 4 ፍሬ ማለት ነው። በአፍ የሚነፋ የአስም መድኃኒት ወይም ለቆዳ የሚቀባ ቅባት በተለመደው መጠኑ ከዚህ ጋር አይነጻጸርም። ለሉፐስ የሚሰጠው ሃይድሮክሲክሎሮኪንም መከላከያን እንደሌሎቹ አይጥልም። እሱ የሚያስፈራኝ በሌላ ምክንያት ነው፤ ትንሽ ልጅ ጥቂት ፍሬ ብቻ ቢውጥ ልቡን ሊያቆምበት ይችላል።

አንድ ነገር ከሁሉ በፊት ልለምናችሁ። ልጁ ጉንፋን ያዘው ብላችሁ መድኃኒታችሁን በራሳችሁ አታቁሙ። በተለይ ፕሬድኒሶሎን። ይህ መድኃኒት ሰውነት ራሱ የሚያመርተውን ሆርሞን ይተካል። ለሳምንታት ሲወሰድ ሰውነት የራሱን ማምረት ይተዋል። በድንገት ሲቋረጥ ግፊት ይወርዳል፣ ሰው ይዝላል፣ ያስመልሳል፤ ሕይወት እስከማሳጣትም ይደርሳል። የሚቀነሰው ሐኪም ባለው መጠን፣ ቀስ በቀስ ነው። አስመልሷችሁ ክኒኑ አልቆይ ካለም «ዛሬ ይለፈኝ» አይባልም፤ በመርፌ እንዲሰጣችሁ ሆስፒታል መሄድ ነው። ጸበል የሚጠጣ ይጠጣ፣ ዱዓ የሚያስደርግም ያስደርግ። መድኃኒቱ ግን አይቋረጥ። የረመዳንም የሁዳዴም ጾም ሲመጣ ሰዓቱን እንዴት እንደምታስተካክሉ ቀድማችሁ ጠይቁ። አብዛኛውን ጊዜ መላ አይጠፋለትም።

አሁን ወደ ቤታችሁ ልግባ። መድኃኒቱ የት ነው የተቀመጠው?

በየቤቱ የማየውን ላውራ። ኮመዲኖ ላይ ከስልክ ቻርጀር ጎን። ቦርሳ ውስጥ፤ ልጅ ደግሞ የእናቱን ቦርሳ መበርበር ይወዳል። የቡና ስኒ መደርደሪያ ላይ። ከሁሉ የባሰው ፍራሽ ሥር ነው። ለምን ፍራሽ ሥር? «የኤችአይቪ መድኃኒት ነው እንዳይሉኝ» ነው መልሱ። ይህን ስሰማ ልቤ ይሰበራል። በየቀኑ ክኒን የሚውጥ ሰው ሁሉ ይጠረጠራል፤ ስለዚህ ይደብቃል። ሲደብቅ ደግሞ ከአማት ይሸሽጋል እንጂ ከልጅ አይሸሽግም። ፍራሽ ሥር ያለ ነገር ልክ የ2 ዓመት ልጅ እጅ የሚደርስበት ቦታ ነው።

ሌላም ችግር አለ፤ ይህኛው ከእኛ ከባለሙያዎቹ ወገን ነው። መድኃኒት ብዙ ጊዜ ከትልቁ ብልቃጥ ተቆጥሮ በትንሽ ላስቲክ ወይም በወረቀት ፖስታ ይሰጣል። ላስቲኩ ልጅ የማይከፍተው ክዳን የለውም። የተጻፈበትም እጅ ላብ ሲነካው ይጠፋል። ሁለት ፖስታ አንድ ላይ ሲቀመጥ ደግሞ ይደባለቃል።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ልበል። ሜቶትሬክሴት ባለ 2.5 ሚሊ ግራሙ ትንሽ ቢጫ ክኒን ነው። አብሮት የሚታዘዘው ፎሊክ አሲድ ባለ 5 ሚሊ ግራሙም አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ ቢጫ ክኒን ነው። ሁለቱን መዳፌ ላይ ላድርግላችሁ፤ የፊት ረድፍ ያላችሁ እዩት። ከዚያ ማዶ ያለው ሰው ሊለያቸው ይችላል? ፎሊክ አሲድ ቫይታሚን ነው። ሜቶትሬክሴት ደግሞ ለመገጣጠሚያ ሕመም ሲሰጥ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የሚወሰድ መድኃኒት ነው። በሳምንት አንድ ቀን! በስህተት በየቀኑ ከተወሰደ መቅኔን ይመታል፣ አፍ ይቆስላል፣ ሰው ይሞታል። ይህ በብዙ ሀገር የደረሰ፣ የታወቀ አደጋ ነው።

ስለዚህ ፖስታው ላይ «በሳምንት 1 ቀን» ብላችሁ አስጽፉ፤ ቀኑንም በስሙ አስጽፉ። ቀኑን የማትረሱት አድርጉት። ለአንዳንዱ ዓርብ ከጁምዓ ሶላት መልስ ይመቸዋል፤ ለሌላው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ። ፎሊክ አሲዱን የሜቶትሬክሴት ቀን ሳይሆን በሌላ ቀን እንድትወስዱ ብዙ ሐኪሞች ያዛሉ። ቀኑ ካለፋችሁ በ2 ቀን ውስጥ ከሆነ ውሰዱ፤ ከዚያ ካለፈ ዝለሉትና በመደበኛ ቀኑ ቀጥሉ። ያመለጠውን ለማካካስ እጥፍ አድርጎ መዋጥ ፈጽሞ አይሆንም።

የማስቀመጫው ነገር ቀላል ነው። ክዳኑ የሚቆለፍ ትንሽ የቆርቆሮ ወይም የፕላስቲክ ሳጥን ግዙ። ሳጥኑን ቁም ሳጥን አናት ላይ፣ ልጅ ወንበር ላይ ቢቆም እንኳ በማይደርስበት ቦታ አስቀምጡ። እያንዳንዱ መድኃኒት በየራሱ ዕቃ ይሁን። ልጅ ፊት ክኒን ስትውጡ «ከረሜላ ነው» አትበሉት። የወደቀች ፍሬ ካለች ወዲያው ፈልጉ፤ ምንጣፍ ሥር የገባች ክኒን የሚያገኛት የሚድኸው ልጅ ነው። ሜቶትሬክሴት አይሰበርም፣ አይፈጭም። ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት የተሰበረውን ወይም ብናኙን በእጇ አትንካው። እንግዳ ሆናችሁ ስትሄዱም ቦርሳችሁን አስቡ። የሰው ቤት ሶፋ ላይ የተተወ ቦርሳ ውስጥ ምን እንዳለ ልጅ አያውቅም።

ልጁ ቢውጥስ? ጣት ከትታችሁ አታስመልሱት። ወተት አጠጥታችሁ «እስኪ እንየው» አትበሉ። ደህና ቢመስልም፣ እየተጫወተ ቢሆንም፣ ማሸጊያውንና የቀረውን ክኒን ይዛችሁ ያን ሰዓት ሆስፒታል ሂዱ። የሜቶትሬክሴት ጉዳት ወዲያው አይታይም፤ ማርከሻ መድኃኒት አለው፤ የሚሠራው ግን ቶሎ ሲጀመር ነው። እዚህ ላይ ነው ዝምታ የሚጎዳው። ሞግዚቷ ወይም አያት ያ ክኒን ምን እንደሆነ ካላወቁ ለሐኪሙ ምን ብለው ይነግሩታል?

ወደ ክትባት ልሂድ። ይህ ሰፋ ያለ ነው፤ ብዙ የተሳሳተ ወሬም አለበት።

«እኔ መከላከያዬ ዝቅተኛ ስለሆነ ልጄ ባይከተብ ይሻለኛል» የሚል ሰው ገጥሞኛል። በተቃራኒው ነው። ልጁ ሲከተብ እናንተም ትጠበቃላችሁ። ኩፍኝ ቤት ካልገባ እናንተን አይዝም። ትክትክ ቤት ካልገባ እናንተን አያስልም። ስለዚህ የልጃችሁ ካርድ ሙሉ ይሁን። ሲወለድ ቢሲጂ (የቲቢ ክትባት)፣ ከዚያ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ፔንታው (አምስት በሽታ የሚከላከለው)፣ የሳንባ ምች ክትባቱ፣ ፖሊዮው፤ ኩፍኝ በ9 ወር፣ ሁለተኛው በ15 ወር። የ15 ወሩን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ልጁ መራመድ ሲጀምር ጤና ጣቢያ መሄድ ያበቃ ይመስላል። አላበቃም።

የሚያስፈራው ሕያው ክትባት የሚባለው ነው። የተዳከመ ግን ሕያው ጀርም ያለበት ማለት ነው። ኩፍኝ፣ ቢሲጂ፣ ሮታ የሚባለው የተቅማጥ ክትባትና በአፍ የሚንጠባጠበው ፖሊዮ ሕያው ናቸው። ለልጁ ሲሰጡ እናንተ ላይ የሚያመጡት ነገር ግን ይለያያል። የኩፍኝ ክትባት ከተከተበ ልጅ ወደ ቤተሰብ አይተላለፍም፤ በፍጹም ሳትሰጉ አስከትቡ። ቢሲጂም እንዲሁ። ክንዱ ላይ ቁስል ወጥቶ ቢያዥ ግን በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኑት፤ ከነካችሁም እጃችሁን ታጠቡ። የሮታ ክትባት ከልጁ ሰገራ ጋር ለተወሰነ ጊዜ ይወጣል፤ ዳይፐር ከቀየራችሁ በኋላ በሳሙና በደንብ መታጠብ ይበቃል።

ጠንቀቅ የሚያስፈልገው የአፍ ፖሊዮ ነው። የክትባቱ ቫይረስ ለሳምንታት በልጁ ሰገራ ይወጣል። በብዛት መከላከያ የሚቀንስ መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ፣ የልጁ ቀጠሮ ከመድረሱ በፊት ከሐኪማችሁ ጋር ተነጋገሩ። በመርፌ የሚሰጠው ፖሊዮ ሕያው ስላልሆነ ይህ ስጋት የለበትም። የአፍ ጠብታው ከተሰጠ ደግሞ ለ6 ሳምንት ያህል ዳይፐሩን ሌላ ሰው ይቀይር፤ ባል፣ እህት፣ አያት። ብቻችሁን ከሆናችሁ ጓንት አድርጉ፣ ከዚያም በሳሙና ታጠቡ። ባሎች፣ እዚህ ያላችሁት፣ ይህ የእናንተ ሥራ ነው። ዳይፐር መቀየር ሚስትን የማከም አካል ነው።

ለእናንተ ለራሳችሁ ግን ሕያው ክትባት አይሰጥም፤ ከሐኪም ጋር ሳትነጋገሩ አትቀበሉ። እንዲሁም መድኃኒቱን የሚወስደው ልጁ ራሱ ከሆነ፣ ለምሳሌ በኩላሊት ሕመም ምክንያት ፕሬድኒሶሎን ላይ ያለ ልጅ፣ ሕያው ክትባት መቼ እንደሚወስድ ሐኪሙ ይወስን። የእሱ ወንድሞችና እህቶች ግን ይከተቡ። በእርግዝና ጊዜ ባዮሎጂክ የሚባሉትን፣ መከላከያን የሚቀንሱ መርፌዎች የወሰደች እናት ልጇ እንደተወለደ ቢሲጂ ከመሰጠቱ በፊት ለአዋላጇ ትንገር፤ ክትባቱ ለወራት ሊዘገይ ይችላል።

ልጆች ከሚያመጡት በሽታ ሁለቱን ለይቼ ልጥቀስ። ኩፍኝና ጉድፍ። ጉድፍ ስል ውኃ የቋጠረ ሽፍታ የሚያወጣውን፣ ቺክንፖክስ የሚባለውን ነው። ክትባቱ በሀገራችን መደበኛ ክትባት ውስጥ የለም፤ ስለዚህ በየሰፈሩ አለ። ለልጅ ቀላል ነው፤ መከላከያው ዝቅ ላለ ሰው ግን ሳንባና ጉበት ድረስ ይሄዳል። የሚተላለፈው ሽፍታው ከመውጣቱ ከ1 ወይም 2 ቀን በፊት ጀምሮ ነው፤ ስለዚህ «ሽፍታ ሳይ እርቀዋለሁ» ማለት አያድንም። መዋዕለ ሕፃናቱ ውስጥ ሽፍታ ያለበት ልጅ እንዳለ ከሰማችሁ በዚያው ቀን ሐኪማችሁን አግኙ። አሲክሎቪር የሚባል መድኃኒት አለ፤ ጥቅሙ የሚበዛው ቶሎ ሲጀመር ነው። ለአስተማሪዋም «ሽፍታ ወይም ኩፍኝ ከታየ እባክሽ ደውይልኝ» በሏት። ሕመማችሁን ዘርዝራችሁ መንገር አይጠበቅባችሁም።

አልማዝ ባለጭራም ያው የጉድፍ ቫይረስ ነው። አያት አልማዝ ባለጭራ ከወጣባቸው ቁስሉ እስኪደርቅ ይሸፈን። ልጁ ከእሳቸው ጉድፍ ሊይዘው፣ ከልጁ ደግሞ ወደ እናንተ ሊመጣ ይችላል። እናንተ ላይ ራሱ ቢወጣ ሙቀት ያቃጠለኝ ነው ብላችሁ ቅጠል አትለጥፉበት፤ በ3 ቀን ውስጥ ሕክምና ይጀመር።

ቲቢ ሌላ ነው። ኢትዮጵያ ቲቢ ከበዛባቸው ሀገራት አንዷ ናት። ትንሽ ልጅ ቲቢ ቢይዘው እንኳ ለሌላ የማስተላለፍ ዕድሉ ዝቅተኛ ነው፤ የሚያስተላልፈው የሚያስለው አዋቂ ነው። ስለዚህ ዓይናችሁ ልጁ ላይ ሳይሆን ከ2 ሳምንት በላይ በሚያስል አዋቂ ላይ ይሁን። የቤት ሠራተኛዋ፣ አጎትየው፣ ዘወትር ቡና የምትጠጣው ጎረቤት። ይመርመሩ። ይህ እናንተንም ልጁንም ያድናል። እናንተም መድኃኒቱን ከመጀመራችሁ በፊት ለቲቢ መመርመራችሁን ጠይቁ፤ ተደብቆ የቆየ ቲቢ በእነዚህ መድኃኒቶች ሊነሳ ይችላል። የጅማ ዝናብ ረጅም ስለሆነ መስኮት ዘግቶ መኖር እንወዳለን። ቡና ሲፈላና ሰው ሲሰበሰብ መስኮቱ ይከፈት። ብርድ ብርድ ቢልም ጋቢ ይለበስ።

ስለ አፈራችን አንድ ቃል። እርጥብና ጭቃማ ነው፤ ልጆች ባዶ እግራቸውን ይሮጡበታል። በእግር ቆዳ የሚገባ ስትሮንጂሎይደስ የሚባል ጥገኛ ትል አለ። ሌሎቹ ትሎች ዕድሜያቸው ሲያልቅ ያልቃሉ፤ ይሄኛው ግን ሰው ውስጥ ራሱን እያባዛ ለዓመታት ይኖራል። ጤነኛ ሰው ላይታወቀው ይችላል። ፕሬድኒሶሎን ሲጀመር ግን ትሉ ያለ ልክ ይባዛና ሳንባና ደም ውስጥ ይገባል። ይገድላል። በአንድ የሰገራ ምርመራ ብዙ ጊዜ አይገኝም። በትምህርት ቤት የሚታደለው የትል መድኃኒት አልቤንዳዞል እሱን በደንብ አያጠፋውም፤ የሚሠራው አይቨርሜክቲን ነው። ገጠር ያደጋችሁ፣ በባዶ እግር የሠራችሁ፣ «ከመድኃኒቱ በፊት ይህን ትል አስባችኋል ወይ?» ብላችሁ ሐኪማችሁን ጠይቁ። ጥያቄው አያስቆጣም። ለልጆቹም ጫማ፤ ለቤቱም ንጹሕ ሽንት ቤት።

ምግብ ላይ ብዙ አልቆይም። ጥሬ ሥጋ፣ ጥሬ ክትፎ፣ ያልፈላ ወተትና ከእሱ የተሠራ እርጎ ይቅር። ወተቱ ለልጁም ይፈላ። ጫት የሚቅም ሰው ቢተወው ይሻላል፤ ካልሆነ ቅጠሉን በንጹሕ ውኃ ሳያጥብ አፉ አያስገባ። የልጁን ትራፊ መብላት፣ በእሱ ማንኪያ መቅመስ፣ አኝኮ ማጉረስ ይቅር። ጉርሻ ራሱ አይቅርባችሁ፤ ሁለታችሁም እጃችሁን ከታጠባችሁ ይበቃል። ልጁ ሲያስነጥስ ከንፈሩን ሳይሆን አናቱን ሳሙት።

አሁን ስለ እኔው መስኮት ልናገር። ፋርማሲ ገብታችሁ «ለጉሮሮዬ የሆነ ነገር ስጠኝ» ስትሉ መጀመሪያ የምትወስዱትን ተናገሩ። ኮትሪሞክሳዞል፣ እናንተ ባክትሪም የምትሉት፣ ከሜቶትሬክሴት ጋር ሲገናኝ መቅኔን ክፉኛ ይጎዳል። ለሪህ የሚሰጠው አሎፑሪኖል ከአዛታዮፕሪን ጋር እንዲሁ። ለልጁ የታዘዘ የባክትሪም ሽሮፕ ተረፈ ተብሎም አይጠጣ። በተገላቢጦሽ ደግሞ ሳታውቁት መከላከያችሁን የምትቀንሱ አላችሁ። ለመወፈር ብላችሁ ዴክሳሜታዞን የምትውጡ፣ ለማሳከክ ፕሬድኒሶሎን በራሳችሁ እየገዛችሁ ለወራት የምትወስዱ። ዛሬ የተናገርኩት ሁሉ ለእናንተም ነው። ዝም ብላችሁ አታቁሙት፤ መጥታችሁ ንገሩን።

መውለድ ለምታስቡ፦ ሜቶትሬክሴት፣ ማይኮፌኖሌትና ሳይክሎፎስፋማይድ ፅንስን ይጎዳሉ። ከማርገዝ በፊት በሌላ መድኃኒት መቀየር አለባቸው፤ ከተቀየሩ በኋላም የሚጠበቅ ጊዜ አለ። ስለዚህ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ እስከዚያው የእርግዝና መከላከያ ይኑራችሁ። ጡት ማጥባት ላይ ደግሞ እነዚህ ሦስቱ አይሆኑም። ፕሬድኒሶሎንና አዛታዮፕሪን በተለመደው መጠን እየተወሰዱ ግን ማጥባት ይቻላል። «መድኃኒት ላይ ነሽና ጡት አስጥይ» የሚል የሰፈር ምክር ሰምታችሁ ልጁን ከጡት አትንጠቁት። የመድኃኒቱን ስም ይዛችሁ ኑ፤ እንመልስላችኋለን።

መቼ ነው ሳይዘገዩ ሐኪም ቤት የሚሮጠው? ሙቀት 38 ዲግሪ ሲደርስ፣ ሲያንቀጠቅጥ፣ ትንፋሽ ሲያጥር፣ ደረቅ ሳል ሲጠና፣ አፍ ሲቆስል፣ ያለ ምክንያት ቆዳ ሲበልዝ። ፕሬድኒሶሎን ትኩሳትን ሊሸፍን ስለሚችል «ሙቀት የለኝም» ብላችሁ አትዘናጉ። ሰውነታችሁ ልክ እንዳልሆነ ከተሰማችሁ ይበቃል። የደም ምርመራ ቀጠሮ አትዝለሉ፤ መቅኔና ጉበት እየተጎዱ እንደሆነ ቀድሞ የሚናገረው እሱ ነው።

በመጨረሻ ከተነሱት ጥያቄዎች ሁለቱን ልጻፍ።

አንድ አባት ተነስተው «የ3 ዓመት ልጄ እኔ ካልሆንኩ አይተኛም፤ አልጋ ልለይ?» አሉ። ልጁ ጤነኛ ከሆነ አብረው ይተኙ አልኳቸው። ሲያስል፣ ሲያተኩስ ወይም ተቅማጥ ሲይዘው ግን ለእነዚያ ቀናት እናቱ ታስተኛው። እርስዎም ቢያንስ ፊት ለፊት አይተኙ፤ መስኮት ትንሽ ገርበብ ይበል። ቀን ላይ አጠገቡ ተቀምጠው ተረት መንገር ምንም አይከለክልም።

ሁለተኛዋ ጠያቂ አንዲት እናት ናቸው፤ የልጅ ልጃቸውን ያሳድጋሉ፤ ለመገጣጠሚያቸው መድኃኒት ይወስዳሉ። «የፖሊዮ ዘመቻ ቤት ለቤት ሲመጣ ልጁን ልደብቅ? ምን ልበላቸው?» አሉኝ። አይደብቁት እማማ። በሩን ይክፈቱና እንዲህ ይበሏቸው፦ «ልጁን ክተቡልኝ። እኔ ግን መከላከያ የሚቀንስ መድኃኒት እወስዳለሁ፤ ከክትባቱ በኋላ ምን ልጠንቀቅ?» ለልጅዎም ለሳምንታት ልጁን እሷ እንድታጥበው ይንገሯት። የመድኃኒቱን ስም መጥራት ካስቸገረዎት ማዘዣውን ያሳዩዋቸው።